ለገና ይዤው የሄድኩት በግ

ከሚሴ ውስጥ ስለ እኔና ስለ አንድ በግ የሚወራ ወሬ አለ። ወሬውን ያስጀመረችው አክስቴ ናት፤ እሷ ካለፈች በኋላ ደግሞ ልጇ ተረከበችው። በየሠርጉና በየተዝካሩ ይነገራል፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚነገረው ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ያውም ለአክስቴ የሚመቻት ግማሽ። አሁን እሷ የለችም። እኔም አርጅቻለሁና የምፈራው ሰው አልቀረም። ስለዚህ የቀረውን ግማሽ እኔ ልንገራችሁ። በእኔ መሳቃችሁ አይቀርም፤ ሳቁ። ብቻ ትንሽ ሳቅ ለአክስቴም አስተርፉላት።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው። ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ የምኖረውም አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በእናቴ ባል ቤት ነው። እናቴ በዚያው ክረምት ሞታለች። እንጀራ አባቴ እስከ ጥቅምት ድረስ ታገሠኝና «እንግዲህ ወገኖችሽን ፈልጊ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ሚስት ሊያገባ ነበርና የምተኛበትን ክፍል ፈለገው።

ያሉኝ ወገኖች የአባቴ ወገኖች ብቻ ነበሩ። አባቴን አላስታውሰውም። ወታደር እንደነበረና አገሩ ከሚሴ እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው። እዚያ ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል እኅት አለችው፤ ባሏ የወረዳው ጸሐፊ ነው። እንጀራ አባቴ በሚያውቀው የጭነት መኪና ሾፌር በኩል ላከባት። መልሷም በዚያው ሾፌር አፍ መጣ።

«ለገና ትምጣ። አይተናት ደስ ካለችን እዚሁ ትሆናለች።»

አይተናት ደስ ካለችን! ጥጃ ልትገዛ ነው እንዴ የምታየኝ? ተናደድኩ። ከተናደድኩ በኋላ ግን ደስ ልላቸው ተዘጋጀሁ፤ ደስ ካላልኳቸው የምመለስበት ቤት አልነበረኝማ። የእናቴን ባለ ተረከዝ ጫማ አደረግሁ፤ እግሬ ከእሷ እግር ይበልጣል። ከጎረቤት ጥቁር መነጽር ተዋስኩ። በታኅሣሥ ደረቅ ፀሐይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ የዝናብ ጃንጥላ ያዝኩ። መስተዋት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው የሹም ልጅ መሰልኩ። ዛሬ ሳስበው ጠንቋይ ቤት የምትሄድ ባልቴት ነው የመሰልኩት።

በአውቶቡስ ተጉዘን ደብረ ሲና አድረን፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ፣ አጠገቤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ወገቡ ላይ ቢላዋ የሻጠ ጎልማሳ ተቀመጠ። ስሙ ሁሴን መሆኑን ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ወዴት ነሽ እኅቴ?»

«ወደ ፊት።»

«ከሚሴ ነው የምትወርጅው?»

«እንጃ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰው።»

«ማሻአላህ! እኔም የሰው ልጅ ነኝ፤ እንዲያውስ ዘመዳሞች ነን» አለና ለብቻው ሳቀ።

እኔ መነጽሬን አስተካክዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ለማያውቁት ሰው ዘርን መንገር የባላገር ሥራ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «የትርንጎ የወንድም ልጅ ነኝ» ብለው ኖሮ፣ ከዚህ በኋላ የማወራላችሁ ነገር ሁሉ አይደርስም ነበር።

ሰንበቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ሾፌሩ ምሳ ሊበላ አቆመ። አፋሮቹ ፍየልና ግመል ነድተው ከቆላ ወጥተዋል፤ ደገኞቹ በግ ይዘው ወርደዋል፤ አቧራው ሰውንና ከብቱን አንድ አድርጎታል። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ባዶ እጄን ብሄድ «ልትበላ መጣች» ይሉኛል። በግ እየጎተትኩ ብገባ ግን ማን ምን ይለኛል?

አንድ ሽማግሌ ደገኛ ዘንድ ሄጄ፣ እንደ ጥጥ የነጣውን በግ አመለከትኩት።

«ልጄ፣ ነጩ መንገድ አይችልም፤ ሰሞኑንም አሞት ነበር። ይሄን ዳልቻውን ውሰጂ» አለኝ።

ሰውየው እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ጥሩውን በግ ሊደብቀኝ ፈልጎ መሰለኝ። «እኔን አታታልለኝም!» ብዬ ነጩን ገዛሁት። ሽማግሌው አምላኩን ጠርቶ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

የአውቶቡሱ ረዳት በጉን ጣራ ላይ ሊጭነው ገመድ ይዞ መጣ።

«እግሩን ልጠፍረው» አለኝ።

«እግሩን ከጠፈርከው ይተኛል፣ ከተኛ ይቆሽሻል። አንገቱን እሰረውና ይቁም።»

«እመቤት፣ መኪና ላይ በግ አይቆምም። ይወድቃል።»

«በጉ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው በአንገቱ እሰረው!»

በአንገቱ አሰረው። አወጣጡ ራሱ የተቆጣ ሰው አወጣጥ ነበር።

ካራቆሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው፣ እኔ በሐሳቤ አክስቴ ደጅ ደርሼ «ኧረ ምን አደከመሽ ልጄ!» እየተባልኩ ነበር። በድንገት በመስኮቴ በኩል አራት ነጭ እግሮች ከላይ ወረዱና አየሩን መራገጥ ጀመሩ። ማርያምን፣ መጀመሪያ ያሰብኩት «የማን ሞኝ በግ ነው?» ብዬ ነው።

«በግ ተሰቀለ!» ብሎ ከኋላ የሆነ ሰው ጮኸ።

ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ። ወረድን። ረዳቱ ገመዱን ሲለቀው በጉ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ ምላሱ ወጥቷል፣ ዓይኑ ተገልብጧል፣ አንድ እግሩ ብቻ ይራገጣል።

«ሊሞት ነው! ቢላዋ! ቢላዋ!»

ሁሴን ቢላዋውን መዘዘ። ተንበርክኮ የበጉን አንገት ያዘና ቀና ብሎ አየኝ።

«ልረደው?»

«እረደው!»

አልነካውም። አሁንም አየኝ። «እኔ ልረደው?»

«ምን ትጠይቀኛለህ? እረደው እንጂ፣ ሳይሞትብኝ!»

በጉን አዞረው። «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለና አረደው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አልኩት፣ በሙሉ ልቤ።

ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ከፊት ወንበር የነበረች ማተብ ያሰረች ሴትዮ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ልጄ፣ በጉ ለገና ነበር?»

«አዎ።»

«ለክርስቲያን ቤት?»

«አዎና።»

«እመቤቴን! እንግዲህ ማን ይበላልሻል?»

እስላም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ፣ ክርስቲያን ያረደውንም እስላም እንደማይቀምሰው፣ በዚህ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ግን በጉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ሲራገጥ ይህ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሁሴን ግን አልጠፋበትም። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የጠየቀኝ።

መንገድ ዳር ገፈው ሥጋውን በገዛ ቆዳው ጠቅልለው ሰጡኝ። ሴትዮዋ «ለእስላም ተሳፋሪ ሽጭው» አለችኝ። አልሸጥም አልኩ። ባዶ እጄን መድረስ ሞት መሰለኝ። እንዲያው የሚጠይቀኝ ሰው ባይኖርስ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«የምትሄጂበትን ቤት ብትነግሪኝ አንድ መላ እንፈልግ ነበር» አለ ሁሴን።

መነጽሬን መልሼ አደረግሁ።

ከሚሴ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁሴን «እስከ ደጅ ላድርስልሽ» ብሎ ሥጋውን ትከሻው ላይ አደረገው። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ እያነከስኩ ፊት ፊት ሄድኩ። የጭነት መኪናው ሾፌር በነገረኝ ምልክት፣ መንገድ ዳር የቆርቆሮ ጣራ ያለው የአክስቴ ቤት ደጅ ስቆም፣ ሥጋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ወደ ኋላው ሸሸት አለ።

«የትርንጎ ቤት! ያ ረቢ፣ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ!»

አክስቴ ወጣች። ነጭ በነጭ ለብሳለች። መጀመሪያ ጫማዬን አየች፣ ቀጥሎ መነጽሬን፣ ከዚያ በኋላ ሳመችኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ይሄ ምንድን ነው?»

«በግ ነው እትዬ። ለበዓሉ።»

«ታርዷል?»

«ታርዷል።»

«ማን አረደው?»

«ሰው።»

«ሰው ማለት?»

«አውቶቡስ ውስጥ የነበረ ሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

ሳላስበው ወደ ሁሴን ዞርኩ። ሁሴን ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ዝናብ የሚጠብቅ ይመስል። አክስቴም ዓይኔን ተከትላ አየችው።

«ደህና ዋልሽ፣ እትዬ ትርንጎ» አላት፣ ሌላ የሚለው ሲያጣ።

ልጇ ጥሩነሽ ከበሩ ኋላ ብቅ አለች። «እማዬ! የእስላም ሥጋ ይዛ ለገና መጣች!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እስከ ዛሬ ወሬውን የምትጀምረው ከዚህ ነው።

«ይሄ ነገር ደጄን አያልፍም» አለች አክስቴ። «ነገ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በሙሉ እዚህ ናቸው። ጣይውና ግቢ። ጥሩነሽ ማድቤት አንጥፋልሻለች።»

«ማድቤት?»

«ታዲያ የት ፈለግሽ? ሠራተኛዬ ወጥታለች።»

ደስ ካለችን እዚሁ ትሆናለች ማለት ይህ ኖሯል። አያችሁ፣ አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ «እኔ አላባረርኳትም» ስትል ኖረች። እውነቷን ነው፤ አላባረረችኝም። የማድቤቷን በር ነው የከፈተችልኝ።

«ሥጋዬ ካልገባ እኔም አልገባም» አልኳት። እግሬ ጫማው ውስጥ አብጦ ከደጇ አንዲት እርምጃ መሄድ የማልችል ሰው ነኝ ይህን የምለው።

«ቁርጥ አባትሽን! እንግዲያው ሂጂ ለሙሄ አብይው! አብራችሁ ጨፍሩ!»

«ሙሄ ማን ነው?»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የጥሩነሽ ሳቅ ቆመ፤ ለካ እሷም አታውቅም። የመለሰልኝ ሁሴን ነው፣ ቀስ ብሎ።

«የአባትሽ ወንድም ነዋ። የሁላቸውም ታላቅ። ኸኛ መንደር ነው።»

አንዱን ጫማ አወለቅሁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። በአንድ እጄ ጫማ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ ሻንጣዬን አናቴ ላይ አድርጌ፣ ሥጋውን መልሶ የተሸከመውን ሁሴንን ተከተልኩ። የሹም ልጅ መምሰሌ እዚያ ላይ አበቃ።

ጨፋ፣ የእነ ሁሴን መንደር፣ የማሽላ አጨዳ ላይ ነበር። አያ ሙሄን አውድማው ላይ አገኘነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥሙ በአቧራ የደፈረሰ ሽማግሌ።

«አያ ሙሄ፣ የወንድምህን ልጅ አመጣሁልህ» አለው ሁሴን።

ሽማግሌው መንሹን ጣለ። «ኮቱ! ኮቱ!» እያለ በሁለት እጁ ጠራኝ፤ ኦሮምኛ ባላውቅም ነይ ማለቱ ገባኝ። ፊቴን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ዓይኗ የሱው ነው» አለና አለቀሰ። ጫማዬን አላየውም። ያየው ዓይኔን ነው።

በጉን ማን እንዳረደው እሱም ጠየቀ። ሁሴን «እኔ ነኝ፤ እግሩ ይራገጥ ነበር፣ ነፍስ ነበረው» ሲለው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጎረቤት ሁሉ አስጠራ። እኔ አንድ ሰው ይበላልኝ ይሆን እያልኩ የተጨነቅሁበትን በግ፣ መንደሩ በሙሉ መረቀኝና በላው።

ሚስቱ ዘሃራ ለኔ ለብቻዬ ሽሮ ሠራችልኝ። «አብሽሪ፣ ይሄ ድስት ለክርስቲያን እንግዳ ነው የማስቀምጠው። ሥጋችን ገብቶበት አያውቅም» አለችኝ። ያን ምሽት የተኛሁት በአጎቴ መደብ ላይ ነው። እሱ በረንዳው ላይ ማሽላውን እየጠበቀ አደረ።

ታሪኩን ያወቅሁትም በዚያ ምሽት ነው። አያቴ እስላም ነበሩ። አባቴ ውትድርና ሲገባ ክርስትና ተነሣ፤ አክስቴ ደግሞ ጸሐፊውን ስታገባ። አጎቴ በዚህ አልተቀየማቸውም፤ በወሎ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። የሚያመው ሌላ ነበር። አክስቴ «ሰዎች ሲኖሩ ቤቴ አትምጣ» ብላዋለች። ቤቷ ደግሞ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም።

በገና ጠዋት መንደሩ የተረፈውን በጌን ሲያሞቅ፣ እኔ ከሽሮዬ ጋር ቁጭ አልኩ። አገር ሁሉ በሚፈስክበት ቀን ሽሮ! አጎቴ አየኝና ጉርሻውን መለሰው።

«ልጄ በበዓሏ በቤቴ ሽሮ በልታ አትውልም። ዘሃራ፣ ቀዩን አውራ ዶሮ ያዢ።»

«ማን ያርድላታል?»

ሁሉም ወደ ሁሴን ዞሩ። «እኔን ተዉኝ! አንዴ አርጄላት ኸቤት አስወጣኋት» አለ።

«ዘውዴ አለ አይደል?» አለ አጎቴ። ዘውዴ የአክስቴ ባል ነው።

ዘሃራ ደነገጠች። «ሙሄ! ዛሬ? እዚያ ቤት?»

«ዛሬ ነዋ በዓሉ።»

ንጹሕ ጥምጥም ጠመጠመ። እኔ ዶሮውን ታቀፍኩ፤ ለክብሬ ስል ጫማዬን አደረግሁ። ከሚሴ ስንገባ ያየን ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ዶሮው ተረከዜ በተጠማዘዘ ቁጥር ይጮኻል፤ እኔም አብሬው።

ከአክስቴ ግቢ ዘፈንና ሳቅ ይሰማል። አጎቴ ደጁ ላይ ቆመና፣ ገደል ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፁን ለቀቀው።

«ዘምዘም! ኤ ዘምዘም!»

ዘምዘም ማናት ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ውስጥ ያለው ሳቅ ቀነሰ፤ ከዚያ ጠፋ። አክስቴ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ከኋላዋ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ብርሌያቸውን እንደያዙ በሩን ሞሉት።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ዘምዘም ማናት?» አለ አንዱ።

«እኅቴ ናታ! ይቺው!» አለ አጎቴ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት። ወደ እሷም ዞሮ «እንኳን አደረሰሽ። ልጃችን አልፈሰከችም። ባልሽ ዶሮ ይረድላት» አላት።

አክስቴ ቀረብ ብላ በሹክሹክታ «ሰዎች ሲኖሩ አትምጣ አላልኩህም?» አለችው።

«መች ሰው ጠፍቶ ያውቃል፣ ዘምዘም?»

ከእሱ ዞር አለች። አየችኝ፤ እኔም አየኋት። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። ደስ አልኳት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ግን ዶሮው እጄን እየነቆረኝ ስለነበር ቀረ።

አቶ ዘውዴን ጠጁ ሞቅ አድርጎታል። ሰዉን ገፍቶ ወጣ። «ሙሄ! ምነው ደጅ ቆምክ? ግባ እንጂ!»

«አልገባም፣ እንግዳ አለባችሁ። ዶሮዋን ብቻ።»

የአቶ ዘውዴ ሳቅ ጠፋ። አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አጎቴን አየ። ቢላዋ አስመጣ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረና በስመ አብ ብሎ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ፣ በሰዉ ሁሉ ፊት አረደልኝ። ዶሮውን ሲሰጠኝ «ማን አረደው ያለሽ እንደሆነ፣ ዘውዴ በይ» አለኝ።

ተመልሰን ዘሃራ ድስቱን አወጣች። ሥጋውን ግን እጇ ሊነካው አይችልም፤ እኔ ደግሞ ወጥ ሠርቼ አላውቅም። እሷ ራቅ ብላ ቁጭ ብላ እያዘዘችኝ ሠራሁት።

«ጨው በቃው?»

«አንቺ ቅመሽው እንጂ!»

«እኔ እንዴት ልቅመሰው? ሽታውማ ይበቃዋል ይላል!»

አልበቃውም ነበር። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ በጌን ሲበላ፣ እኔ ከራሱ እስከ እግሩ አንድ ሙሉ አውራ ዶሮ ብቻዬን በላሁ። ያመጣሁትን እነሱ በሉ፤ ያመጡልኝን እኔ በላሁ። ማታውን ሆዴን አሞኝ ስንከባለል ዘሃራ ናት ስታሸኝ ያደረችው።

አዲስ አበባ አልተመለስኩም። አጎቴ መንገድ ዳር የነበረችውን ክፍሉን ሰጠኝ፤ ሻይ እየሸጥኩ ኖርኩ፤ እዚያው አገባሁ። በሠርጌ ቀን ዘሃራ በአንድ በኩል፣ የባሌ እናት በሌላ በኩል፣ ሁለት ድስት ጣዱ። አክስቴ ግን በየሄደችበት «የገና ዶሮ አርደን ያስፈሰክናት እኛ ነን፤ ያሳደግናትም እኛ ነን» ትል ነበር። የዶሮው እውነት ነው፤ ባሏ አርዶልኛል። ዶሮውን ማን ታቅፎ እንደመጣ፣ ማን ደጅ ቆሞ እንደቀረ ግን አትናገርም። ዘምዘም የሚባለውማ ስም በወሬዋ ውስጥ የለበትም።

ያ ገና ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ብዙ አይደለም። ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ወዴት ነሽ ሲለኝ ወደ ፊት እላለሁ፤ አመሌ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ «የሙሄ» እላለሁ፤ ሰዎች ባሉበት፣ ጮክ ብዬ።

እናንተም ለበዓል ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ የበጉን እግር ጠፍሩት። ደግሞ መጀመሪያ ምናችሁን እንደሚያዩ እዩ፤ ጫማችሁን ካዩ ብዙ አትቀመጡ።

አቶ ዘውዴም አጎቴም ከሞቱ፣ ጥሩነሽም አዲስ አበባ ከገባች በኋላ፣ አክስቴ በአንድ ገና ምርኩዟን ይዛ ቤቴ መጣች። ሌላ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከጫፍ አላስቀመጥኳትም፤ ማድቤትም አላስገባኋትም። ከላይ አስቀምጬ የበግ ወጥ ፊቷ አቀረብኩ። እጇን ዘረጋችና አየር ላይ አቆመችው።

«ማን አረደው?» አለችኝ።

ባሌ ነበር ያረደው፣ በዚያው ጠዋት፣ ጓሮ፣ በስመ አብ ብሎ። አንዲት ቃል ብናገር እጇ ይወርድ ነበር።

«ሰው» አልኳት።

«ሰውየው ስም የለውም?» ብላ አልጠየቀችኝም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ቆረሰችና በላች።